ለበቀቀን መጫወቻ የሚሆነውና የማይሆነው፦ ከደሴ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ደሴ የሚኖሩ አንዲት ጠያቂ፣ እኅታቸው ከዓረብ አገር ስትመለስ ያመጣችላቸውን ግራጫ በቀቀን ያሳድጋሉ። በከተማው የወፍ መጫወቻ የሚሸጥ ሱቅ ስላላገኙ፣ ባለቤታቸው ከአጥር ሥራ የተረፈ ሽቦ አጣምመው፣ ቆርኪና አንዲት ትንሽ ቃጭል ሰክተውበት፣ በናይለን ሲባጎ ከፍርግርግ ቤቱ ጣሪያ ላይ አንጠልጥለውለታል። ወፉ ሽቦውን መንከስ እጅግ ወዷል፤ ሰሞኑን ግን ኩሱ ውሃ የበዛበትና ደማቅ አረንጓዴ ሆኗል፣ ምግብም ቀንሷል። ጎረቤት ከግቢያቸው የአቮካዶ ቅርንጫፍ ቆርጠው እንዲሰቅሉለት መክረዋቸዋል፤ ስፌት የሚሰፉት አማታቸው ደግሞ የተረፈ ስንደዶና አክርማ እንዳላቸው ነግረዋቸዋል። ጠያቂዋ ከእነዚህ የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚጣል፣ በአካባቢው ገበያ ከሚገኘው ነገር ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ በመጨረሻም ወፉ የተገዛለትን የፕላስቲክ ኳስ ለምን እንደሚፈራ ጠይቀዋል።

የተከበሩ ጠያቂ፣

ከመጫወቻው ምርጫ የሚቀድም ነገር አለ። ያ የሽቦ መወዛወዣ ይህን ምላሽ አንብበው ሳይጨርሱ ከፍርግርጉ ይውጣ፤ ወፉም ዛሬ፣ ቢዘገይ ነገ ጠዋት፣ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ውሃ የበዛበት ደማቅ አረንጓዴ ኩስና የምግብ ፍላጎት መቀነስ አንድ ላይ ሲታዩ፣ በዚያ ላይ ወፉ የአጥር ሽቦ ሲነክስ መክረሙ ሲታወቅ፣ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የብረት መመረዝ ነው። አረንጓዴ ኩስ ብቻውን ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ጎመን የበላ ወፍም አረንጓዴ ይጥላል፤ ነገር ግን ጎመን ስለበላ ብቻ ከምግቡ የሚሸሽ ወፍ የለም። በቀቀን ሕመሙን እስከቻለ ድረስ የሚደብቅ ፍጡር ስለሆነ፣ ላባውን ነፍቶ ከወለሉ ላይ ሲቀመጥ፣ እግሩ ሲዝል፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያንቀጠቅጠው እስኪያዩ ድረስ መጠበቅ የለብዎትም።

ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ የተነከሰውን ሽቦ ቁራጭና የኩሱን ፎቶግራፍ ይያዙ። በወሎ ያሉት አብዛኞቹ የእንስሳት ሐኪሞች ውሏቸው ከከብት፣ ከበግና ከፍየል፣ ከበቅሎና ከዶሮ ጋር ስለሆነ በቀቀን ሲያዩ ቢደነቁ አይፍረዱባቸው፤ «ወፉ ዚንክ የተለበጠ ሽቦ ሲነክስ ነበር» ብለው በግልጽ ቢነግሯቸው ሥራቸው በግማሽ ይቀልላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለው፣ የሚያክምልዎት ባለሙያ ምክር ቢያስፈልገው የሚጠይቃቸው ባልደረቦች ሩቅ አይደሉም። ራጅ ከተነሣ በሆዱ የቀረ የብረት ቁራጭ ነጭ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ራጁ ንጹሕ ሆነ ማለት ግን መመረዝ የለም ማለት አይደለም፤ በደቃቅ ዱቄት መልክ የተዋጠ ዚንክ በራጅ ላይ ላይታይ ይችላልና። ሕክምናው ብረቱን በደም ውስጥ ይዞ ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ካልሲየም ኢዲቲኤ፣ በመርፌ መስጠት ሲሆን፣ መጠኑ የሚሰላው በወፉ ክብደት ነው። ግራጫ በቀቀን በአብዛኛው ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ ስለሚመዝን በግምት የሚሰጥ መድኃኒት በቀላሉ ከልክ ያልፋል፤ ስለዚህ ከተቻለ በግራም የሚለካ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ክብደቱን ጽፈው ይሂዱ። በቤት ውስጥ ወተት፣ ዘይት ወይም ሎሚ እንዳይግቱት አደራ፤ ተገድዶ የሚጠጣ ወፍ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ሞቅ ባለ ቦታ ማስቀመጥና የለመደውን ምግብና ንጹሕ ውሃ አጠገቡ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ወደ ሽቦው። አጥር የምናጥርበት ሽቦ፣ ቤት የምንከድንበት ቆርቆሮ፣ የጣሪያ ሚስማር፣ የወንፊት ሽቦና ብዙው ባልዲ ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የተለበጠ ነው። ሽቦውን ወደ መስኮት አስጠግተው በብርሃን ቢያዩት፣ ወፉ የነከሰው ቦታ ከሌላው ይልቅ የደበዘዘና የተፋቀ ሆኖ ያገኙታል፤ እርጥበት ባገኘው ጎን ነጭ ዱቄት ተለጥፏል፤ ሽቦው በተጣመመበትና በተገናኘበት ቦታ ደግሞ ልባጡ ሲቀባ ጠብ ጠብ ብሎ የደረቀ ትንንሽ እብጠት ይኖራል። ነጩ ዱቄትም እብጠቱም ዚንክ ነው። በቀቀን በታችኛው ምንቃሩ ይፍቃል፣ በምላሱ ያገላብጣል፣ የተላቀቀውንም ይውጣል። የተዋጠው ቅንጣት ጠንካራው የመፍጫ ሆዱ ውስጥ ቶሎ አያልፍም፤ እዚያው እየተፈጨ፣ አሲዱም እያሟሟው፣ ወደ ደም ይገባል፤ ቆሽቱን፣ ጉበቱንና ኩላሊቱንም ይጎዳል። በወፍ ሕክምና ይህ መመረዝ «የአዲስ ሽቦ በሽታ» እየተባለ የሚጠራው ልባጡ የሚላቀቀው ገና አዲስ በሆነ ሽቦ ላይ ስለሚበዛ ነው። ሽቦውን በኮምጣጤ ማሸትና በብሩሽ መፋቅ ነጩን ዱቄት ይቀንሳል፤ ከሥሩ ያለውን ልባጥ ግን አያጠፋውም፤ ስለዚህ ለማይነከስ ነገር ካልሆነ በቀር ለመጫወቻ አልመክረውም። ባለቤትዎ በጥሩ ልብ የሠሩት ሥራ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ እጃቸው እንዲህ የሚሠራ ከሆነ፣ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ከእኔ በተሻለ እንደሚያዘጋጁት እርግጠኛ ነኝ።

ቃጭሏም ትውጣ። ለበቅሎና ለበግ አንገት የሚታሰሩት ቃጭሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከነሐስና ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረት ሲሆን፣ ነሐስ የሚባለው ቢጫ ብረት በራሱ ዚንክ ሊኖርበት ይችላል፤ ተቀልጦ የተቀላቀለ ብረት ውስጥ ደግሞ እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት መኖር አለመኖሩን በዓይን መለየት አይቻልም። እርሳስ ከዚንክም የከፋ ነው፤ ነርቭን ይመታል፤ ክንፍን ያዝላል፤ ያንቀጠቅጣል። ክብ ሆነው ስንጥቅ ያላቸው ትንንሽ ቃጭሎችማ ሌላም አደጋ አለባቸው፤ በስንጥቁ ጣት ወይም የምንቃር ጫፍ ገብቶ ይቀረቀራል፤ ውስጣቸው ያለችውን ቅንጣትም በቀቀን ፈልቅቆ ያወጣታል። ድምፅ የሚወድ ወፍ ከሆነ አንድ ሁለት የስቴንለስ ማንኪያ ጎን ለጎን አንጠልጥሉለት፤ እያጋጨ ቀኑን ሙሉ ይጨፍርበታል፣ እናንተም የቤቱ ሰዎች ብዙም ሳትቆዩ ትማረራላችሁ። ቆርኪው ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ምላስ ይቆርጣል፤ ውስጡ ያለው ለስላሳ ሽፋንም ተላጥቶ ይዋጣል። ልጆቻችን የሽቦ መኪና ጎማ ሲያደርጉት እንደምናየው ለእነሱ ቆርኪው የሚሽከረከር ነገር ነው፤ ለበቀቀን ግን የሚላጥ ነገር ነው።

ሁሉንም መጫወቻ ስመዝን የምጠይቀው ጥያቄም ከዚሁ የመጣ ነው፦ ይህ ነገር ሲሰበር ምን ይሆናል? እኛ ለልጅ መጫወቻ ስንገዛ የማይሰበረውን እንመርጣለን። በቀቀን ግን የሚጫወተው ለማፍረስ ነው፤ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ውስጥ ሲኖር ጊዜው የሚያልፈው ፍሬ በመፈልፈል፣ ቅርፊት በመላጥና በመሰንጠቅ ነው። በቤት ውስጥ የሚያፈርሰው ካጣ የራሱን ላባ መንቀል ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ሳይፈርስ አሥር ዓመት የሚቆይ መጫወቻ ለእሱ መጫወቻ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ነገር ዘንድ የሚፈለገው ፍርስራሹ ደኅና መሆኑ ነው፤ ቢዋጥ የማይመርዝ፣ የማይቆርጥ፣ ተጠቅልሎ የማያንቅ። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 2007 ድረስ ተመራማሪዋ አይሪን ፔፐርበርግ ያስተማሩት አሌክስ የተባለው ግራጫ በቀቀን፣ የአንድን ነገር ስም በትክክል ሲጠራ የሚሸለመው ያንኑ ነገር ነበር፤ ወረቀት ካለ ወረቀት፣ እንጨት ካለ እንጨት፣ ቡሽ ካለ ቡሽ ይሰጠዋል፤ እሱም ይዞ ያኝከዋል። ለዚያ ሁሉ ትምህርት እንደ ዋጋ የተከፈለው የሚቦጫጨቅ ነገር መሆኑ ስለ ወፎቹ ጠባይ ብዙ ይናገራል።

በዚሁ ሚዛን ሲባጎው ይወድቃል። ናይለንም ሆነ ከማዳበሪያ ከረጢት የተፈታ ክር ሲነከስ ወደ ቀጫጭን ጭረት ይተረተራል፤ ሆድ አያሟሟውም፤ አንገቱ ሥር ባለው የምግብ ማከማቻ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ይዘጋል። ከዚያ የሚብሰው ግን በውጭ በኩል የሚደርሰው ነው። የተተረተረ ክር በጣት ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ወፉ ሊያስለቅቅ በሳበ ቁጥር ይጠብቃል፤ ክሩ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ በቆዳው እጥፋት ውስጥ ሰምጦ አይታይም፤ የሚታየው ከክሩ ወዲያ ያለው የጣት ጫፍ አብጦ መጥቆሩ ብቻ ነው። ዛሬውኑ የወፉን ጣቶች አንድ በአንድ በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ፤ አንዱ ከሌላው ወፍሮ ካገኙት ለሐኪሙ ያሳዩት፤ በቤት መቀስ እቆርጣለሁ ብለው አይሞክሩ። የጥጥ ገመድም ቢሆን ጫፉ ሲበጣጠስ ያው ነው፤ ጥቅም ላይ ከዋለ ወፍራም፣ አጭር፣ ጫፉ በየጊዜው የሚከረከም መሆን አለበት። እኔ ለማንጠልጠያ የምመርጠው ያልተቀባና ዘይት ዘይት የማይሸት ቃጫ ነው፤ ሲነከስ በአጭሩ ይሰበራል እንጂ ረጅም ክር አይሆንም። ርዝመቱ ወፉ አንገቱን ሊጠመጥምበት የማይችል ያህል ይጠር፤ የተዘጋ ቀለበት የሚሠራ ቋጠሮም አይኑርበት። ቀለበት ያለው መጫወቻ ከተሠራ ደግሞ ወይ ጭንቅላቱ ጨርሶ የማይገባበት፣ ወይ ሙሉ አካሉ በነፃነት የሚያልፍበት ይሁን፤ በመካከል ያለው ልክ ነው የሚያንቀው።

የጎረቤትዎን ምክር በተመለከተ፣ አቮካዶ ፈጽሞ አይሆንም። ቅጠሉ፣ ቅርፊቱ፣ ፍሬውና ዘሩ ፐርሲን የተባለ ንጥረ ነገር አለባቸው፤ ለሰው ምንም የማይለው ይህ ነገር የወፍን ልብ ያጠቃል፤ ወፎች በሰዓታት ውስጥ የሚሞቱበት ጊዜ አለ። ጎረቤትዎ ክፉ አላሰቡም፤ እኛ በጭማቂ የምንጠጣው ዛፍ መርዝ ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል? በየአጥሩ ከምናያቸው ተክሎችም ወተት የሚያፈሱት ቅንጭብና ቁልቋል፣ ጉሎ፣ አስተናግርና የወፍ ቆሎ አንዳቸውም ወደ ፍርግርጉ አይጠጉ። የወፍ ቆሎን የዱር ወፎች ሲለቅሙት አይተው ሊሆን ይችላል፤ የዱር ወፍ የሚመርጠው የበሰለውን ፍሬ ነው፣ መርጦም ይሄዳል፤ የታሰረ በቀቀን ግን ቅጠሉንም ግንዱንም ጥሬውንም ያኝካል። ተመሳሳይ ነገር በጽድ ላይ አለ። በደጋው የአገራችን ደኖች የምትኖረው፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን የጽድ ፍሬ ትበላለች፤ ይህ ግን ሽታው የከበደ የጽድ እንጨትና ፍቅፋቂ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለወፍ ሳንባ ደኅና ነው ለማለት አያበቃም።

ከዛፎቹ የሚሆኑትስ? ባሕር ዛፍ ደኅና ነው፤ በወሎም ሞልቷል፤ ቀጭን ቅርንጫፍ ከነቅርፊቱ ቆርጠው ቢሰጡት የመጀመሪያው ሥራው ቅርፊቱን በረጅም ገለፈት መላጥ ይሆናል። የዘይቱን (የጓቫ) ዛፍ ቅርንጫፍም መልካም ነው። ወይራ ለመቆሚያ ይሆናል፣ ለመቦጫጨቂያ ግን ይጠነክርበታል። ሁሉም ፀረ ተባይ ካልተረጨበት ቦታና የመኪና ጭስ ከሚያጠቃው መንገድ ርቆ ይቆረጥ፤ በሙቅ ውሃና በብሩሽ ይታጠብ፤ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ይሰጣ። ከአናጢ ቤት የሚገኝ ነጭ ጣውላ ቁራጭ ያልተቀባ፣ ቫርኒሽ ያልነካውና በምስጥ መከላከያ ያልተነከረ ከሆነ ቀዳድቶ በቃጫ መሰካት ይቻላል፤ ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ግን ሙጫ የያዛቸው ዱቄት ስለሆኑ፣ ከአሮጌ በርና መስኮት የተነቀለ እንጨት ደግሞ በቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል አይሁኑ።

የአማትዎን ስጦታ በሁለት እጅዎ ይቀበሉ። ከውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚመጡት «የመፈለጊያ መጫወቻ» የሚባሉት፣ ማለትም ምግብ ተሸሽጎባቸው ወፉ እየቦጫጨቀ የሚያወጣባቸው፣ በአብዛኛው የሚሠሩት ከዘንባባ ቅጠል፣ ከሣርና ከበቆሎ ልባስ ነው፤ እነዚህ ሁሉ በሰኞ ገበያ የሚገኙ ነገሮች ናቸው። ስንደዶና አክርማ ቀለም ካልነካቸው ከዚያ የተሻለ ነገር የለም። ስንደዶው ጠንከር ስለሚል ሲሰነጠቅ ድምፅ ያወጣል፣ በቀቀንም ያን ድምፅ ይወደዋል፤ አክርማው ደግሞ ለስልሶ የሚተለተል ነው። አንድ እፍኝ አክርማ በመካከሉ ጥቂት የሱፍ ፍሬ ይዞ በስንደዶ ሲታሰር፣ አማትዎ ለሰፌድ እንደሚጀምሩት አነስተኛ እምብርት አድርገው ሁለት ሦስት ዙር ሲሰፉት፣ ወይም ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ ሠርተው ውስጧ ለውዝ ሲያስቀምጡ፣ ወፉ የግማሽ ቀን ሥራ አገኘ ማለት ነው። አማትዎ ሥራቸው እንዲህ ሲፈርስ ማየት ከከበዳቸው ጥሩውን ስፌት ሳይሆን የተበላሸውን ጅማሮ ይስጡት። ስፌቱ በወስፌ ብቻ ይሠራ፤ የናይለን ክር ወይም የብረት ሽቦ ማጠናከሪያ አይግባበት።

ቀለሙ ላይ ግን ጥብቅ ነኝ። ለስፌት የሚሸጠው የዱቄት ቀለም ለሚበላ ነገር የተዘጋጀ አይደለም፤ ምን እንዳለበት በእሽጉ ላይ የማይጻፍበት ጊዜም ብዙ ነው። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲያሹት ቀለም የሚለቅ ከሆነ ያለ ጥርጥር ይጣላል፤ ባይለቅም እንኳ የጨርቁ ፈተና በምራቅና በምንቃር መካከል ለሰዓታት ከመቆየት ጋር ስለማይመሳሰል፣ ያልተቀባው እያለ የተቀባውን መስጠት ምክንያት የለውም። ቀለም ካማራችሁ የቀይ ሥር ውሃ ወይም እርድ ውስጥ ነክሮ ማድረቅ ይቻላል፤ ውበቱ ለእናንተ ነው እንጂ ወፉ ባይቀባም አያዝንም።

ከቆላው የሚመጣውም ብዙ ነው። የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ደርቆ ሲሰካ ጥሩ መፈርፈሪያ ይሆናል፤ የበቆሎ ልባስ ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ ጥንቅሽና የማሽላ አገዳ ተቆራርጠው ሲሰጡ ይሰነጥቃቸዋል፣ ጣፋጩንም ይመጥጣል፤ ጥንቅሹን ግን በዚያው ቀን ያንሡት፣ ስኳሩ ሻጋታና ዝንብ ይጠራል። ከነዛላው የተቆረጠ ማሽላም ተንጠልጥሎ ሲሰጠው ፍሬውን አንድ በአንድ እየለቀመ ይውላል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጎተራ ውስጥ ነቀዝ እንዳይበላው መድኃኒት የተደረገበት እህል በፍጹም አይሰጥ። ከማን እንደተገዛና ምን እንደተደረገበት የማያውቁትን ዛላ ይተዉት፤ ከዘመድ እርሻ በቀጥታ ካገኙ ይውሰዱ። ሰሌንም ንጹሕና ያልተቀባ ከሆነ ተቆርጦ በፍርግርጉ ሽቦዎች መካከል ይሰካል።

ወረቀት ቀላል ነው። ያልታተመበት ነጭ ወረቀትና ቡናማ ካርቶን ይሆናል፣ ከካርቶኑ ላይ ፕላስተሩና የብረት ስፌቱ ከተነቀለ፤ የሚያብለጨልጭ መጽሔትና የሱቅ ደረሰኝ አይሆንም። እንቁላል የተቀመጠበት ካርቶን ቅርጹ ቢያጓጓም በዶሮ ኩስ የሚተላለፍ ጀርም ሊኖርበት ስለሚችል አልወደውም።

በፕላስቲክ ላይ ሰዎች ከሚገባው በላይ ይፈራሉ ወይም ከሚገባው በታች ይጠነቀቃሉ። ጠንካራና ወፍራም የሕፃን መጫወቻ፣ የሃይላንድ ክዳን ታጥቦና ተበስቶ ሲሰካ፣ ለመወርወርና ለመሽከርከር ይሆናል፤ ጥርስ ያለ እስኪመስል ድረስ መሸረፍ ሲጀምር ግን ይወገዳል። ጎማ፣ ስፖንጅና ፊኛ ተቦጭቀው የሚዋጡና የማይፈጩ ስለሆኑ በየትኛውም መልክ አይሰጡ። ከብረት ደኅናው ስቴንለስ ብቻ ነው። ማግኔት ለፈተና ይረዳል፤ የአጥር ሽቦ ይሳባል፣ ብዙው የስቴንለስ ዕቃ አይሳብም ወይም በደካማው ይሳባል፤ ነሐስም እንደማይሳብ ግን አይርሱ። የልብስ መቆንጠጫ ከእንጨት የተሠራው ደኅና ነው፣ የሽቦ ስፕሪንጉ ከወጣ በኋላ። ቆዳ ከሆነ ያልተቀባና ያልለፋ ጠፍር እንጂ፣ በፋብሪካ በክሮም የለፋ የጫማና የቦርሳ ቆዳ አይሁን። መስታወት አያስፈልገውም፤ ያየውን ምስል እንደ ጓደኛ ቆጥሮ ከቤተሰቡ የሚርቅ ወፍ አለ።

ደሴ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ክረምቷም እርጥብ ነው፤ በዚህ ምክንያት ከሣርና ከአገዳ የተሠራው ሁሉ ትልቁ ጠላቱ ሻጋታ ነው። ግራጫ በቀቀን ከሻጋታ ብናኝ ለሚመጣው አስፐርጊሎሲስ ለተባለው የሳንባና የአየር ከረጢት በሽታ ከብዙ ወፎች ይልቅ የተጋለጠ ነው። ስንደዶውን በበጋ ፀሐይ በደንብ አድርቃችሁ አየር በሚያገኝ ሰሌን ወይም የጨርቅ ከረጢት አስቀምጡት እንጂ በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ሲሸቱት የምድር ቤት ሽታ ካለው ሳይጨነቁ ይጣሉት፤ በውሃው ወይም በኩሱ የራሰውንም በማግሥቱ አይመልሱለት። ቅልም ለመጫወቻ ይሆናል፣ ግን ውስጡ ተፈቅፍቆ፣ ታጥቦና ደርቆ ካልሆነ ብናኙ ያው ችግር ነው። ጠንካራዎቹ ዕቃዎች በሳሙና ይታጠባሉ፤ በረኪና ከተጠቀሙ በውሃ አቅጥነው፣ ደጋግመው አለቅልቀው፣ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ይስጡ፤ በረኪናና ኮምጣጤን ግን አንድ ላይ አይቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ለወፉም ለእርስዎም ሳንባ መርዝ ነው።

መጫወቻው የሚሰቀልበት ቦታም ከዕቃው ያልተናነሰ ነገር ነው። ረከቦቱ ከሚቀርብበት፣ ከሰሉ ከሚነድበትና ዕጣኑ ከሚጤስበት ጥግ ይራቅ፤ ወዳጃ በሚሆንበት ቀን ወፉ ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ። የማያጣብቅ መጥበሻ፣ ማለትም ቴፍሎን፣ ባዶውን ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ በቀቀንን በደቂቃዎች ሊገድል ስለሚችል ከወጥ ቤት በሩቁ ይኑር።

ከመጫወቻው ወጣ ያለ ግን መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ግራጫ በቀቀን እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ሳይቴስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከፍተኛ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው። እኅትዎ ያመጣቻቸው ሰነዶች ካሉ በጥንቃቄ ያስቀምጧቸው፤ ከሌሉ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ማማከሩ ወፉን ለሐኪም ለማሳየትም እፎይ ብለው እንዲሄዱ ይረዳዎታል።

የፕላስቲክ ኳሱን መፍራቱ ሕመም አይደለም፤ ግራጫ በቀቀን አዲስ ነገር መጠራጠር ጠባዩ ነው፤ በተለይ ደማቅ ቀለም ያለውና ድንገት የሚንቀሳቀስ ነገር ከፊቱ ሲቀርብ ይደነግጣል። ኳሱን ከፍርግርጉ አውጥተው ክፍሉ ውስጥ ሩቅ ቦታ ያስቀምጡት። አማትዎ የሚሠሩለትንም አዲስ ነገር እንዲሁ አያስገቡበት፤ መጀመሪያ ከፍርግርጉ ውጭ በሚያየው ርቀት ይቀመጥ፤ በየቀኑ ትንሽ እየቀረበ ይሂድ፤ እርስዎ ወይም ልጆችዎ በፊቱ እየነካካችሁ፣ እየተለተላችሁ፣ ከውስጡ የሱፍ ፍሬ አውጥታችሁ ስትበሉ ይመልከት። አንገቱን ዘርግቶ ማየት ሲጀምር ከውጭ በኩል በፍርግርጉ ሽቦ ላይ ይታሰር፤ በራሱ ፈቃድ ምንቃሩን አውጥቶ ሲጎትተው ወደ ውስጥ ይግባ፤ ሲገባም ከመቆሚያው ጫፍ እንጂ ከሚያድርበት ቦታ ወይም ከምግቡ አጠገብ አይሁን፤ ከፈራው የሚሸሽበት ሥፍራ እንዲኖረው። ይህ ግን ወፉ ከሐኪሙ ተመልሶ፣ ኩሱ ወደ ልማዱ ተመልሶና ምግቡን በደንብ መብላት ከጀመረ በኋላ የሚደረግ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ነጭ ወረቀትና አንድ የታጠበ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይበቃዋል።